መዶሻ ራስ ሻርክና ፍሬ በል የሌሊት ወፍ፦ ከወሎ የሚነሡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ወሎ ባሕር የለውም። ቢሆንም ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ ከእኛው ደጅ ነው የሚነሣው። የሻርክ ወሬም በሹፌሩም በስልኩም ይደርሰናል። የሌሊት ወፍ ግን ወሬ አያስፈልጋትም። ሲመሽ ሾላ ሥር ቆሞ ቀና ማለት ይበቃል። ተማሪዎች፣ ወላጆችና ማንጎ የተከሉ ሰዎች ስለ ሁለቱ ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ሻርክንና የሌሊት ወፍን ምን አገናኛቸው?

በዘር አይገናኙም። እኔን የሳበኝ አኗኗራቸው ነው። ሁለቱም ቀን ቀን አንድ የታወቀ ቦታ ተሰብስበው ይውላሉ። ማታ ይበታተኑና በየፊናቸው ምግባቸውን ይፈልጋሉ። ሲነጋ ወደዚያው ይመለሳሉ። የሁለቱም ዘር ቶሎ አይበዛም። ሁለቱንም ሰው ይፈራቸዋል።

እነዚህ ነገሮች ሲገጣጠሙ ምን እንደሚመጣ አስቡት። የሚፈራቸው ወይም የሚነግድባቸው ሰው መሰብሰቢያቸውን ካወቀ ባንድ ጊዜ ሁሉንም ያገኛቸዋል። ያለቁትን ለመተካት ደግሞ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለ ሁለቱ ስጽፍ ዋናው ጭንቀቴ ይሄ ነው።

የትኛው ሻርክ? የትኛዋ የሌሊት ወፍ?

ሻርክ ከ500 በላይ ዝርያ አለው፤ የሌሊት ወፍ ደግሞ ከ1,400 በላይ። በጅምላ ማወዳደር ስለማያዋጣ ከየወገኑ አንድ አንድ መርጫለሁ።

ከሻርኮቹ የመረጥኩት መዶሻ ራሱን ነው። መዶሻ ራስ የሚባሉት ዝርያዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ የመረጥኩት የጭንቅላቱ የፊት ጠርዝ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለበት፣ መሐሉም ላይ ስርጉድ ያለው ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ይገኛል። ትልቁ እስከ 4 ሜትር ይረዝማል።

የሌሊት ወፏ የግብፅ ፍሬ በል ትባላለች። ስሟ እንዲህ ይሁን እንጂ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ በመካከለኛው ምሥራቅም አለች። በአገራችን ከሚታወቁት ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ከትላልቆቹ ትመደባለች። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቷ ግን 150 ግራም ቢሆን ነው። 150 ኪሎ የደረሰ ሻርክ ሺህ እጥፍ ይመዝናታል ማለት ነው።

ወሎ ባሉት ሐይቆች፣ ሐይቅ ወይም አርዲቦ በሚባሉት ውስጥ፣ ሻርክ ሊኖር ይችላል?

አይችልም፣ አብሽሩ። መዶሻ ራሱ የጨው ውኃ ዓሣ ነው። ከባሕር ወደ ወንዝ ሽቅብ የሚወጣ ሌላ የሻርክ ዝርያ በእርግጥ አለ። የሐይቅ ውኃ ግን ወደ ባሕር የሚወርድበት ወንዝ የለውም፤ ከባሕር ጠለልም ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ልትሳለሙ ስትሄዱ የሚቀርብላችሁ ዓሣ ቆሮሶ ነው።

የሌሊት ወፍ ወፍ ናት ወይስ አይጥ? ሻርክስ የዓሣ ነባሪ ዘመድ ነው?

ከወፍም ከአይጥም አይደለችም። እንደኛው አጥቢ ናት፤ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ክንፏ ላባ የለውም፤ በረጃጅም ጣቶቿ መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። ሻርክ ዓሣ ነው፣ ያውም ጠንካራ አጥንት የሌለው። አጽሙ በሙሉ ጆሯችንን ቀጥ አድርጎ ከያዘው ልም አጥንት የተሠራ ነው። ዓሣ ነባሪ ደግሞ አጥቢ ነው። ስለዚህ በዝምድና ዓሣ ነባሪ ከሻርኩ ይልቅ ለሌሊት ወፏ ይቀርባል።

በጨለማ ምግባቸውን እንዴት ያገኛሉ?

«ሁለቱም በድምፅ ነው የሚያዩት» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ ልክ የሚሆነው ለሌሊት ወፏ ብቻ ነው። ባሕር ውስጥ በድምፅ የሚያድነው ዶልፊን እንጂ ሻርክ አይደለም።

ፍሬ በሏ ምላሷን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፤ ጥንድ ጥንድ እያደረገች፣ በጣም በፍጥነት። ድምፁ ግድግዳውን ወይም ቅርንጫፉን ነክቶ ሲመለስ ጆሮዋ ይቀበለዋል። ለመመለስ ከወሰደበት ጊዜ ርቀቱን ትረዳለች። ሌሎቹ የሌሊት ወፎች ባብዛኛው ድምፁን የሚያወጡት በጉሮሯቸው ነው፤ የሰው ጆሮም አይሰማውም። የእሷን የምላስ ጠቅታ ግን ጸጥ ብሎ ያዳመጠ ሰው በስሱ ይሰማዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። ድምፁን ወደ ዒላማዋ ቀጥ አድርጋ አትልከውም። አንዱን ጠቅታ በስተግራ፣ አንዱን በስተቀኝ ዘንበል ታደርገዋለች። ዒላማው ትንሽ ፈቀቅ ካለ የአንዱ ማሚቶ ይጎላል፣ የሌላው ይደክማል። ወዴት እንደሄደ ያን ጊዜውኑ ታውቃለች።

ሻርኩ ምንም አይልክም፤ ይቀበላል እንጂ። ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ ጡንቻውና ልቡ ሲሠሩ ደካማ ኤሌክትሪክ ያወጣሉ። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። የመዶሻ ራሱን አገጭ በኩል ብታዩት ጥቁር ነጠብጣብ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሞልተውታል፤ ቁጥራቸው በሺዎች ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ቀጭን ቱቦ አፍ ነው። ቱቦው ውስጥ ዝልግልግ ያለ ወፍራም ፈሳሽ አለ፤ መጨረሻው ላይ ኤሌክትሪኩን የሚለዩ ሕዋሳት ተቀምጠዋል። ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ሎሬንዚኒ ስለነዚህ ቀዳዳዎች የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1678 ነው። ሥራቸው ምን እንደሆነ የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ሻርኩ ሲያድን ከባሕሩ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ይዋኛል። በር ላይ ያለ ጥበቃ መፈተሻውን ሰውነታችን ላይ እንደሚያንሸራትተው፣ እሱም ሰፊ ራሱን ግራና ቀኝ ያንሸራትታል። ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቢደበቅም ልቡ መምታቱን አያቆምም፤ በዚያ ይያዛል። ራሱ እንዲህ መስፋቱ ባንድ ጊዜ ብዙ ቦታ እንዲፈትሽ ይረዳዋል። ዓይኖቹም በመዶሻው ሁለት ጫፎች ላይ ስለሆኑ ፊት ለፊት አያይም ተብሎ ብዙ ጊዜ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲለካ ግን የሁለቱ ዓይኖች እይታ ፊት ለፊት ተደራርቦ ተገኘ። ርቀት በደንብ ይገምታል ማለት ነው።

የሁለቱ ትልቁ ልዩነት ርቀት ላይ ነው። የሻርኩ የኤሌክትሪክ ስሜት አፍንጫው ሥር ላለ ነገር ነው የሚሆነው፤ ከግማሽ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ላለው ሽታ፣ ዓይንና የውኃ ንዝረት አሉለት። የሌሊት ወፏ ማሚቶ በሜትሮች ርቀት ላይ ይሠራል።

የሌሊት ወፍ ዕውር ናት የሚባለውስ?

ውሸት ነው። የዚህችኛዋ ዓይን እንዲያውም ትልልቅ ነው፤ በጨረቃ ብርሃን በደንብ ታያለች። ድምፁ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ድቅድቅ ያለ ዋሻ ውስጥ ስትገባና ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ ነው።

ሰው ይህን ለማወቅ ብዙ ደክሟል። ጣሊያናዊው ቄስና ተመራማሪ ላዛሮ ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1793 ዓይናቸው የጠፋ የሌሊት ወፎች ያለ ችግር እንደሚበሩ አየ። ሉዊ ዡሪን የተባለ ሐኪም ጆሯቸውን ሲደፍነው ግን ከግድግዳው ጋር ተላተሙ። በጆሮ ማየት የሚባለውን ያን ጊዜ ብዙ ሰው አልተቀበለውም። የማይሰማውን ድምፅ በመሣሪያ ቀርጾ እውነቱን ያወጣው አሜሪካዊው ዶናልድ ግሪፊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938። መቶ አርባ አምስት ዓመት ያህል መሆኑ ነው!

ሻርክ ይበርደዋል?

ይበርደዋል። የሌሊት ወፏ የራሷን ሙቀት ትጠብቃለች። የመዶሻ ራሱ ሙቀት ግን ውኃውን ይከተላል። ታዲያ ሃዋይ አካባቢ ያሉት ሌሊት ሌሊት ከ800 ሜትር በላይ ጠልቀው ያድናሉ። እዚያ ታች ውኃው 5 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዴት ይችሉታል? እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት መልሱን ሰጥቷል። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ! ሰውነት ቶሎ የሚቀዘቅዘው ውኃ ውስጥ በሚተነፍሱበት አካል፣ በስንጥባቸው በኩል ስለሆነ ስንጥባቸውን ይዘጉና ይጠልቃሉ፤ ወደ ሞቃቱ ውኃ ሲመለሱ ይከፍቱታል። ዓሣ ትንፋሽ ሲይዝ! ስለ ሻርክ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ያስደሰተኝ የለም።

ሌሊት ርቀው ሄደው እንዴት ይመለሳሉ?

በሜክሲኮ፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከውኃ ሥር የቆመ ተራራ አለ። መዶሻ ራሶቹ ቀን ቀን በመንጋ ሆነው ዙሪያውን ይዞራሉ። ማታ እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል፤ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያድናል፤ በጨለማው ውስጥ በቀጥታ መስመር ተመልሶ ይመጣል። ፒተር ክሊምሊ የተባለው ተመራማሪ መሣሪያ አስሮባቸው ሲከታተል ከቆየ በኋላ፣ ከምድር መግነጢስ ጋር የተያያዘ መንገድ ሳይከተሉ አይቀርም ብሏል።

የግብፅ ፍሬ በሏን ደግሞ እስራኤል ውስጥ በጂፒኤስ ተከታትለዋታል። ከዋሻዋ ትወጣለች፤ ቀጥ ብላ ትበራለች፤ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደ አንድ የመረጠችው ዛፍ ትሄዳለች። መንገድ ላይ ፍሬ ያፈሩ ተመሳሳይ ዛፎች እያሉ ታልፋቸዋለች። በማግስቱም እዚያው ዛፍ ላይ ናት። ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በረሃ ላይ ቢለቋቸውም አብዛኞቹ መንገዳቸውን አግኝተው ተመልሰዋል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ አስቡትና እጥፍ አድርጉት፤ ያውም በ150 ግራም ሰውነት፣ ያውም በሌሊት።

ስንት ይወልዳሉ?

የሌሊት ወፏ እርግዝና 4 ወር ገደማ ይፈጃል። የምትወልደው አንድ ነው፤ መንታ ብርቅ ነው። ልጇ ደረቷ ላይ ተጣብቆ ለሳምንታት አብሯት ይበራል። ከዚያ ዋሻው ውስጥ ትታው ትወጣና ተመልሳ ታጠባዋለች።

መዶሻ ራሱም ዓሣ ሆኖ ሳለ እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል። ጽንሶቹ ከእናታቸው ጋር በእትብት ነው የሚገናኙት። አዎ፣ እትብት። ሲወለዱ በደረታቸው በኩል የእትብቱ ምልክት ይታያል። እርግዝናው ከ9 እስከ 12 ወር ይደርሳል። ባንድ ጊዜ ከደርዘን እስከ 40 ያህል ልጆች ይወለዳሉ፤ እያንዳንዱ ክንድ የሚያህል። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን እናትየው ከወለደች በኋላ ዘወር ብላ አታያቸውም፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ያልቃሉ። የተረፉትም ለመውለድ እስኪደርሱ ብዙ ዓመት ይጠብቃሉ።

ለሰው የሚያሰጋው የትኛው ነው?

ሻርኩ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ሻርክ ሳይተነኮስ የሚገድለው ሰው ባማካይ በዓመት ከ10 በታች ነው። ከእነዚያም ውስጥ በመዶሻ ራስ የተመዘገበ ሞት የለም።

የሌሊት ወፏ ስጋት ሌላ ነው፤ በጥርስ ሳይሆን በቫይረስ። የግብፅ ፍሬ በሏ የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚ መሆኗ የተረጋገጠ ነው። እሷን ብዙም አያሳምማትም። ሰው ላይ ግን ከባድ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጂንካ ላይ በሽታው መከሰቱ ሲነገር ወሎ ድረስ የደነገጠ ሰው ብዙ ነበር። መደንገጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም የሌሊት ወፍ በላያችን ስለበረረች በሽታ አይዘንብብንም። አደጋው ያለው ብዙዎቹ በሚያድሩበት ዋሻ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መቆየት ላይ፣ በእጅ መያዝ ላይ፣ ሽንታቸውንና ኩሳቸውን መንካት ላይ ነው። ልጆች ለጨዋታ ዋሻ እንዳይገቡ፣ የወደቀችውንም በእጃቸው እንዳያነሡ ጠበቅ አድርጋችሁ ንገሯቸው።

ታዲያ ዋሻውን በጭስ ወይም በመርዝ ማጽዳት አይሻልም?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ለልጆቹ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። መልሴ ግን አይሻልም ነው። ምክንያቱን ከሩቅ አላመጣም፤ ኡጋንዳ ላይ ተሞክሯል።

ኪታካ የሚባል የማዕድን ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያ የሚሠሩ ሰዎች በማርበርግ ታመሙ። ጉድጓዱ ውስጥ የዚሁ ዝርያ የሌሊት ወፎች በብዙ አሥር ሺዎች ይኖሩ ነበር። ሰዎቹ አጠፏቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌሎች መጥተው ቦታውን ያዙት፤ ቁጥራቸው ከድሮው በጣም ያነሰ ነበር። ሲመረመሩ ግን ቫይረሱ ያለባቸው ድርሻ ቀድሞ ከነበረው 5 በመቶ ገደማ ወደ 13 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው አካባቢ ማርበርግ እንደገና ተነሣ። አሮጌዎቹ ሲሞቱ በሽታውን የማያውቁ አዳዲሶች በመግባታቸው ሳይሆን አይቀርም ተብሏል።

እስራኤልም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለፍራፍሬ ገበሬዎች ሲባል ዋሻዎች በመርዝ ጭስ ይታጠኑ ነበር። የታሰበው ፍሬ በሏን ማጥፋት ነበር። አብረው ያለቁት ግን ነፍሳት የሚበሉት የሌሊት ወፎች ናቸው፤ ለገበሬው ተባይ የሚለቅሙለት።

ሻርኩ ላይም የደረሰው ይኸው ነው። ክንፉ ለሾርባ በውድ ይሸጣል። በመንጋ የሚውልበትን ቦታ ያወቀ ጀልባ ባንድ መረብ ብዙ ይዞ ይወጣል። ዛሬ መዶሻ ራሱ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2013 ንግዱ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር እንዲገባ ተወስኗል። ለዋሻም ሆነ ለባሕር ተራራ የሚሠራው መፍትሔ አንድ ዓይነት ነው፦ መሰብሰቢያውን አለመንካት።

የሌሊት ወፏ ለወሎ ምን ትጠቅማለች?

ጠዋት ከሾላ ሥር ሂዱና መሬቱን እዩ። የታኘከና የተተፋ፣ የደረቀ ቃጫ ኳስ የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ። የእሷ ነው። ፍሬውን በምላሷ ወደ ላንቃዋ ትጫነዋለች፤ ጭማቂውንና ጥቃቅኑን ዘር ትውጣለች፤ ገለባውን ትተፋለች። የዋጠችው ዘር ሆዷ ውስጥ ብዙ አይቆይም። እየበረረች ትጥለዋለች፤ ገደል ላይ፣ የተራቆተ ተዳፋት ላይ፣ ሰው ችግኝ ተሸክሞ የማይወጣበት ቦታ ላይ።

ሾላና ዋርካ ማንም ሳይተክላቸው የሚበቅሉት በእንደዚህ ዓይነት እንስሳት ነው። ወፍም ጦጣም የራሱን ያደርጋል። ሌሊቱን ሙሉ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር አቋርጣ የምትዘራው ግን እሷ ናት። ተራራው ለተጎዳበት አገር ይህ ትንሽ ውለታ አይደለም።

ሻርኩም ለባሕሩ የራሱ ጥቅም አለው፤ አዳኝ ነውና ከሥሩ ያሉትን ዓሦች ቁጥር ይቆጣጠራል። ከእኛ ማሳ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም።

ማንጎዬን እየበላችብኝ ነው። ምን ላድርግ?

ልፋታችሁ ሜዳ ላይ ሲቀር ማየት ያማል። የሚሠራው ዘዴ እነሆ። ማንጎው ጎምርቶ ገና አረንጓዴ እያለ ልቀሙትና ቤት ውስጥ አብስሉት። እሷ የምትፈልገው ዛፍ ላይ የበሰለውንና የሸተተውን ነው። ፓፓያና ዘይቱን ከሆነ ፍሬውን በጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት። መረብ የምትዘረጉ ከሆነ ቀዳዳው ጣት የማያሳልፍ ይሁን፤ ወጥራችሁም እሰሩት። የላላ ቀጭን ክር ይጠልፋትና እዚያው ትሞታለች፤ ያን ጊዜ እሷን ለማላቀቅ እጅ መስደድ የግድ ሊሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ለእናንተም አይበጅም። የተነከሰ ፍሬ ለልጅም ለከብትም አትስጡ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

ቤቴ ቆርቆሮ ሥር ያሉትስ እነዚያው ናቸው?

አይደሉም ማለት ይቻላል። ጣራ ሥር የሚገቡት ባብዛኛው ትናንሾቹ፣ ነፍሳት የሚበሉት ናቸው። ትንኝ ይለቅሙላችኋል። ሽታቸው ካስቸገራችሁ ሲመሽ ሁሉም መውጣታቸውን ጠብቃችሁ ቀዳዳውን ድፈኑት። ልጆች ያሉበት ወቅት ከሆነ ግን ታገሡ፤ ውስጥ ታፍነው ይቀራሉ። ኩሳቸውን ስታጸዱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ አቧራው እንዳይነሣም ውኃ አርከፍክፉበት።

መዶሻ ራሱን በአካል ማየት የሚፈልግ የት ይሂድ?

ቀይ ባሕር ላይ፣ ሱዳን በኩል ያለው ሳንጋኔብ የተባለ የባሕር ፓርክ በመዶሻ ራስ መንጋው ታዋቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለእኛ የሚቀርበው የጅቡቲው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታወቀው በሌላ ዝርያ ነው። ከሁሉም ዓሣ የሚበልጠው፣ ግን ጥቃቅን ነገር ብቻ የሚበላው ሻርክ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ወደ ዳርቻው ይመጣል።

የሌሊት ወፍ ብትነክሰኝ ወይም ብትቧጭረኝስ?

በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚመጣው ባብዛኛው ከውሻ ነው። የሌሊት ወፍም የዚያ በሽታ ዘመድ የሆኑ ቫይረሶችን ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ቁስሉ ጭረት ብቻ ቢሆንም አትናቁት። ወዲያው በብዙ ውኃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የነከሰቻችሁ የሌሊት ወፍ መሆኗን በግልጽ ተናገሩ። እሷን ለማሳየት ብላችሁ በእጃችሁ አትያዟት። ዋሻ ገብታችሁ የነበረ ከሆነ ደግሞ እስከ 21 ቀን ድረስ ራሳችሁን ተከታተሉ። ድንገት ኃይለኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሰውነት መቆራረጥ ከጀመራችሁ ቤት አትቆዩ፤ ጤና ጣቢያ ደርሳችሁም ሌላውን ከመዘርዘራችሁ በፊት ዋሻ መግባታችሁን ንገሩ።